የጊዜያዊ ሠራተኛ ሐዘን

ያስገቡን ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ስለሞላ ነው አሉ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ። መስኮት የለውም። ከላይ በኩል አየር እንዲገባ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ በቀር ብርሃን የሚባል ነገር የለም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የጀንፈል ሽታ ነው። ቡናው ከወጣ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ ሽታው አልወጣም። የሰው ላብና የሽንቱ ባልዲ ከዚያ በኋላ ነው የመጡት።

እኛ የመንገድ ሠራተኞች ነን። ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ላይ ቦይ እንጠርጋለን፣ ጉድጓድ እንሞላለን፣ ናዳ ሲወርድ እንዝቃለን። መንገዱ የመንግሥት ነው፣ ዶማው የመንግሥት ነው፣ የሚያዘን ኃላፊ የመንግሥት ነው። እኛ ግን ጊዜያዊ ነን። ከመካከላችን ትልቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው የቤንች ሰው፣ ሲቀጠር ፀጉሩ ጥቁር ነበር። ስንታሰር ራሱ ነጭ ሆኗል። ያኔም ጊዜያዊ ነው። ስሙን አልጽፍም። የማንንም ስም አልጽፍም፤ አገሩ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል።

የቦይ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ለእያንዳንዱ ሰው ለቤቱ የሚቀርበው የመንገድ ቁራጭ ይሰጠዋል። ያ ቁራጭ የእሱ ነው። ቅጠል ቢገባበት፣ ድንጋይ ቢንከባለልበት፣ አፈር ቢሞላው የሚጠየቀው እሱ ነው። የጋሼ ቁራጭ ዋርካው ያለበት መታጠፊያ ነበር። ከላይ ተራራ፣ ከታች ገደል። እዚያ ቦታ ቦዩ ከሞላ ውኃው መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል፤ ውኃ ያቋረጠው መንገድ ደግሞ ይቆረጣል። ጋሼ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንኳ ቆም ብሎ ቅጠሉን በእግሩ ይገፋ ነበር። "የኔ ቦይ" ነበር የሚለው፤ ሰው ላሜ እንደሚል።

የታሰርነው በለቅሶ ነው። አብራን ድንጋይ የምትሸከም አንዲት ሴት ባሏ ሞተባት። ቀበረችው፣ ሐዘኗን ተቀመጠች፣ ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ ወደ ሥራ መጣች። ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ተሰብስበን ኃላፊው ጋ ሄድን። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሰው ክፉን መጥላት ይችላል።

"ሕጉ እዚያ ተለጥፏል፣ አንብቡት" አለን።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነበር። ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ለዚያውም ጣቴን እያስከተልኩ ነው የማነበው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቋሚ ሠራተኛ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት ሦስት ቀን ከደመወዝ ጋር የሐዘን ፈቃድ አለው ይላል። ጊዜያዊ ስለሚባል ሰው ምንም አይልም።

"አያችሁ?" አለ ኃላፊው። "እኔ አላወጣሁትም።"

ጋሼ ራሱን አከከ። "ታዲያ የጊዜያዊ ሠራተኛ ባል ለጊዜው ነው የሚሞተው?"

ሁላችንም ሳቅን። ኃላፊውም ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም።

በማግስቱ ዶማና አካፋችንን መንገድ ዳር ደርድረን ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድን። አድማ አላልነውም። ለቅሶ መድረስ ነው ያልነው፤ ለቅሶም ነበር። ሕጉ ለቋሚው የሚሰጠውን ያህል ሦስት ቀን ልንቀመጥ ተስማማን። ዝናብ ጣለና ከሚዛን ወጣ እንዳሉ ናዳ ወረደ። ቡና የጫኑ መኪኖች ቆሙ። ኑ ተባልን። ለቅሶ ላይ ነን አልን። ሦስተኛው ቀን ላይ ፖሊስ ድንኳኑ ድረስ መጣ።

"በለቅሶ ቤት?" አሉ አንድ የዕድር ሽማግሌ።

"በለቅሶ ቤት" አለ ፖሊሱ።

ከመካከላችን ጫማውን ሳያጠልቅ የተጫነ ነበር።

መንገድ ዘግታችኋል ተባልን። መንገዱን የዘጋው ተራራው ነው፤ እኛ አልከፈትነውም እንጂ። ይሄን ማስረዳት አልቻልንም። ከዚያ ነገሩ ፖለቲካ ሆነ። የቡና ወቅት ጠብቃችሁ ነው፣ የላካችሁ ኃይል አለ ተባልን። በየተራ እየጠሩ ያንኑ ይጠይቁናል።

"ከጀርባችሁ ማን አለ?"

ጋሼ ተራው ሲደርስ "ከጀርባችን ያለው ተራራው ነው፤ አንተ ልጅ፣ ሂድና እየው" ብሎ መለሰ። የእሱ አማርኛ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው የሚለው። ለዚህች አንድ ጥፊ ቀመሰ። ጉንጩን ይዞ ወደ ክፍሉ ሲመለስ እየሳቀ ነበር። "ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ ተቆጡ" አለን። "መልስ ካልፈለጉ ለምን ይጠይቃሉ?"

በመንገድ ሥራ ካቦ አለ፤ በእስር ቤትም ካቦ አለ። የእኛ ክፍል ካቦ ሚዛን ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ቤንዚን ደብቀሃል ተብሎ የገባ። ሆዱ ትልቅ፣ ምላሱ ስለታም። በገባን ዕለት አሰልፎ የቤቱን ሕግ ነገረን። አዲስ ገቢ በሩ ሥር ይተኛል። ባልዲ የሚወጣው ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ነው። ምግብ የመጣለት ላልመጣለት ያካፍላል። የታመመ ባልዲ አያወጣም። ሰው የሞተበት ሦስት ቀን ተራ የለበትም፣ ደረቁ ግድግዳ ጋ ይተኛል፣ ምግብ መጀመሪያ ለእሱ ይቀርባል።

እርስ በርስ ተያየን። ሳቅ አመለጠን።

"ምን ያስቃችኋል?"

"ይሄ ሕግ ለቋሚ እስረኛ ነው ወይስ ለጊዜያዊ?" አለው ጋሼ።

"አባባ፣ እዚህ ቤት ቋሚ የለም። ከቋሚነትስ አላህ ይጠብቀን!"

መንግሥት የከለከለንን ፈቃድ ቤንዚን ሻጩ ሰጠን። እኔ ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

የምነግራችሁ ቀን ሲመጣ የታሰርንበትን ቀን መቁጠር ትተን ነበር። ጠዋት ምግብ ሰዓት ላይ ስሜ ተጠራ። ባለቤቴ ከበሩ ወዲያ ቆማለች፤ በእጇ የተቀቀለ ጎደሬና ጎመን ይዛለች። እንደ ደንቡ ፖሊሱ "ቅመሺ" አላት፣ ቀመሰች። ባለቤቴ ወሬ የምታበዛ ሴት ናት። ልጆቹ፣ ዶሮዎቹ፣ ጎረቤት ያለችው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣላት። ያን ቀን ዝም አለች።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ለጋሼም አምጥቼለታለሁ። ትልቁ ለእሱ ነው።"

"ልጁ አትልክለትም እንዴ?"

"እሷ ትንሽ አሟት..." አለችና አቋረጠች። እንዲህ ነው የሚባለው በእኛ አገር፤ የሞተ ሰው መጀመሪያ ይታመማል። ከዚያ ፖሊሱን አየችው፣ ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። "አይ፣ ይሄን ለመጠምዘዝ ጊዜ የለም" አለች። "ልጁ አርፋለች።"

የጋሼ ልጅ አንዲት ናት። ሌላ አልወለደም። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። ማታ ምጥ ያዛት፤ አምቡላንስ ተጠራ። አምቡላንሱ ከሚዛን ወጥቶ ዋርካው ጋ ሲደርስ መንገዱ ተቆርጦ አገኘው። እነሱ ከዚያ ወዲያ፣ አምቡላንሱ ከዚህ ወዲህ። በቃሬዛ ሊያሻግሯት ገቡ። ጭቃው ውስጥ ነው ያለቀችው። ወንድ ልጅ ነበር፤ እሱም አልተረፈም።

"ናዳው ተነሥቷል ተብሎ አልነበረም?" አልኳት። ጅል ጥያቄ ነው፤ ግን ሌላ አልመጣልኝም።

"ያኛውን ማሽን አነሣው። ይሄኛው ውኃ ቆርጦት ነው። ቦዩ ሞልቶ።" ድምጿ ቀነሰ። "ከታሰራችሁ ወዲህ የጠረገው ሰው የለም እኮ።"

"ቀብሩስ?"

"ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት። አስፈቅዱለት። አባት ሳያለብሳት አፈር አይግባት።"

ፖሊሱ "በቃ" አለ። ጎደሬውን ተቀብዬ ገባሁ።

ኢንስፔክተሩን ማናገር እፈልጋለሁ አልኩ። ዕድሌ ሆኖ አስገቡኝ። ወጣት ነው። ፊቱ ሻይ ተቀምጧል። ነገርኩት። ከልቡ ነው የሰማኝ፤ ይሄን መካድ አልችልም። "እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር" አለ። ሻዩንም ገፋ አደረገው።

"ፍርደኛ ቢሆን መንገድ ነበረው" አለኝ። "ለቀብር በአጃቢ ይወጣል። ሕግ አለው። ያንተ ሰውዬ ግን ገና አልተፈረደበትም። ይሄ ጊዜያዊ ማቆያ ነው። እዚህ ላለ ሰው የሚለው ነገር የለም።"

ሳልፈልግ ሳቅ መጣብኝ።

"ምን ያስቅሃል?"

"ምንም። ቃሉን ለምደነዋል።"

"ደግሞስ መንገዱ ዝግ አይደለም? ብፈቅድለትስ በምን ይሻገራል?"

"በእግሩ። መንገዱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የእሱ ነው።"

"መንገዱ የመንግሥት ነው" አለ።

ከዚያ ኢንስፔክተሩ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። "ያደራጃችሁን ሰው ብትነግሩኝ ዛሬውኑ ላሳልፈው እችላለሁ። አንድ ስም ብቻ።"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"አንተ አይደለህም።"

"እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ጻፈውና ሽማግሌውን ልቀቀው።"

አየኝ። እጄን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ። "አንተ እኮ ማንበብ የቻልከው ትናንት ነው ይላሉ" አለ። "እኔ የምፈልገው ካንተ በላይ ያለውን ነው።"

እንዲህ ነው። ጥፋተኛ ለመሆን እንኳ አልበቃሁም። መልሱኝ።

ስገባ ጋሼ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። "ሚስትህ ጎደሬ አመጣች?" አለኝ ገና ሳልቀመጥ። አቀበልኩት። ትልቁን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አጠገቡ ላለው ሰጠ። "ልጄ አለመምጣቷ ደግ አደረገች" አለ እያላመጠ። "ከብዳለች፣ መንገዱ አይሆናትም። አንተ ለምን አትበላም?"

"በልቻለሁ።"

ካቦው ሩቅ ሆኖ ያየኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያረጀ ሰው ፊት ያነብባል። ጥግ ላይ ጠራኝ። በጆሮው ነገርኩት። ከንፈሩን ነከሰ።

"መርዶ ጠዋት ነው የሚነገረው" አለ። "ሰው ሳይበላ፣ ሳይጠጣ። ነገ ጎህ ሲቀድ እናርዳዋለን።"

"ቀብሩ ዛሬ ነው።"

"አልፈቀዱለትም አይደል? ታዲያ ማወቁ ምን ያደርግለታል? ተወው፣ ዛሬን እንኳ ሰው ሆኖ ይዋል።"

"እሷን አፈር ሲያለብሷት እሱ እዚህ እየቀለደ እንዲውል ነው የምትለው?"

ካቦው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ጣሪያውን አየ። "ባለፈው አንዱ እናቱ ሞታ ሲጮህ ገብተው ሁላችንንም ነው የደበደቡን" አለ በመጨረሻ። "ዝናቡን እንጠብቅ። ይሄ ቆርቆሮ ሲመታ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ያኔ ንገረው። ያኔ እናልቅስ።"

ያንኑ ልናደርግ ተስማማን። የሚዛን ዝናብ በወቅቱ ከሰዓት በኋላ አይቀርም፤ ሰው ቀጠሮ ቢይዝበት ያስኬዳል። ካቦው አንድ በአንድ ለሁሉም ሹክ አለ፤ ከጋሼ በቀር ሁሉም አወቀ። ከዚያ ቁጭ ብለን ዝናብ ጠበቅን። ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝናብ ማለት ለእኔ ቦይ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ናዳ ነው። ያን ቀን ግን ና ና እያልኩ ጠበቅኩት፣ መምጣቱን ደግሞ ፈራሁት።

ጋሼ ምንም አያውቅም። አጠገቡ ላለው ሰው ስለ ልጅ ልጁ ያወራል።

"ሴት ከሆነች በእናቴ ስም ነው የምጠራት።"

"ወንድ ከሆነስ ጋሼ?"

"ወንድ ከሆነማ ቋሚ ነው የምለው። ከዘራችን አንድ ቋሚ ይውጣ!"

ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አንድም የሳቀ የለም። ጋሼ ዙሪያውን አየ። "ምነው እናንተ? ዛሬ ሰው የሞተባችሁ ትመስላላችሁ።"

ካቦው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዝናቡ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ እያለ መጣ። ከዚያ ሙሉውን ለቀቀው። ቆርቆሮው ጮኸ፤ አጠገብህ ያለ ሰው አፉ ሲከፈት ታየዋለህ እንጂ አትሰማውም። ካቦው አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ሄጄ ጋሼ ፊት ተንበረከክሁ።

መርዶ በዝግታ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ስለ ዓለም ይወራል፣ ስለ ፈጣሪ ሥራ ይወራል፣ ሰውየው ቀስ ብሎ ራሱ ይደርስበታል። እኔ ግን አፌን ጆሮው ላይ ገጥሜ ጮኼ ነገርኩት። በዝናቡ ምክንያት መጮኽ ነበረብኝ። አንዴ ተናገርኩ፣ አልሰማኝም። "ምን?" አለ። ደግሜ ጮኽኩ። ልጅህ አርፋለች ጋሼ።

ቆይቶ አፉን ወደ ጆሮዬ አመጣ።

"ልጁስ?"

"አብሯት።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ።"

ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ቆመ። ከዚያ "የት ጋ?" አለ።

ይሄን አልጠበቅኩም። እንዴት ሞተች ይላል ብዬ ነበር፣ መቼ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን መንገድ ሠራተኛ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ከእነሱ ቤት ተነሥታ ሐኪም ቤት ለመድረስ የት የት እንደምታልፍ ያውቃል። ልዋሽ ፈለግኩ። ሌላ ቦታ ልጠራ፣ ድልድዩ ጋ ልል አሰብኩ። ዐይኔን እያየ ነበር።

"ዋርካው ጋ" አልኩት።

"ቦዩ ሞልቶ?"

"አዎ ጋሼ።"

እጆቹን አነሣና አያቸው። መዳፉን፣ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን። ሌላ ሰው እጅ የሚያይ ይመስል ነበር።

በዙሪያችን ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። ካቦው ደረቱን ይደልቃል፤ ድምፁ አይሰማም፣ እጁ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ የማጂ ሰው ነበር፣ ጋሼን ከዚያ በፊት ዐይቶት የማያውቅ፤ መሬት ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ያላለቀሰው ጋሼ ነው። ወደ ላይ አንጋጦ ጣሪያውን ያዳምጣል። በከንፈሩ አንድ ነገር ሲል አየሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ይሞላል" ነው የሚለው። "ይሄ ዝናብ አሁንም ይሞላዋል።"

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ትንሽ ቀለል ሲል በሩ ተከፈተ። የባልዲ ሰዓት ነው። ተራው የእኔና የጋሼ ነበር። ካቦው ቀድሞ ተነሥቶ፣ ያ ሁሉ ሰውነት፣ ካቦ ከሆነ ጀምሮ ባልዲ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ እጀታውን ያዘ። ጋሼ መጥቶ እጁን እላዩ ላይ አደረገ።

"ተራው የኔ ነው።"

"ሐዘን ላይ ነዎት አባባ። ፈቃድ አለዎት። ሕጉ ነው።"

"ፈቃዱ የኔ ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"የኔ ከሆነ ነገ እወስደዋለሁ። አሁን ልውጣ።"

ካቦው እጁን አነሣ። ሁለታችን ባልዲውን ይዘን ወጣን።

ግቢው ውኃ ሆኗል። ከአጥሩ ሥር በአንድ በኩል ቦይ አለ፤ ፌስታልና የበሰበሰ ቅጠል ደፍኖት ውኃው ወደ ዘበኞቹ መጠለያ ይሄዳል። ባልዲውን ደፋን። ጋሼ ባልዲውን አስቀመጠና ወደ ቦዩ ሄዶ ተንበረከከ። በእጁ ጀመረ።

እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ቦይ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠረገው። መጀመሪያ መውጫውን ትከፍታለህ፣ ከዚያ ወደ ላይ እየሄድክ ውኃው ራሱ እንዲረዳህ ታደርጋለህ። ልክ እንደዚያ አደረገ። አልቸኮለም። ፌስታሉን አውጥቶ ወደ ጎን፣ ቅጠሉን ወደ ጎን፣ አፈሩን በመዳፉ እየዛቀ ከዳር መታ መታ አድርጎ አስተኛው። ካኪ ልብሱ ከጀርባው ላይ ተጣበቀ።

"አንተ ሽማግሌ! ምን እየሠራህ ነው?" ፖሊሱ ከመጠለያው ጮኸ። የዝናብ ልብሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ መጣ።

መሀል ገባሁ። "ልጁ ዛሬ ትቀበራለች" አልኩት። "አሁን ነው ሰዓቱ። አልፈቀዱለትም።"

ፖሊሱ ጋሼን አየው፣ ቦዩን አየው። የአካባቢው ልጅ ነው፤ ወሬው ደርሶት መሆን አለበት፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ጀርባውን ሰጠንና ወደ ቢሮው በር ዞሮ ቆመ፤ ማንም ቢወጣ መጀመሪያ እሱን እንዲያገኝ።

እኔም ልረዳው ጎንበስ አልኩ። ጋሼ በክርኑ ከለከለኝ። ብቻውን እስከ ላይኛው ጫፍ ደረሰ። ውኃው መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘና ሄደ፤ ቡናማ፣ ፈጣን፣ ድምፅ ያለው። ጋሼ ተነሥቶ ቆሞ አየው። ውኃው ጠርቶ የቦዩ ወለል እስኪታይ ድረስ ቆመ። ከዚያ እጁን እዚያው ታጠበ፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር።

"አሁን ጨርሰዋል" አለ።

እነማን አላልኩትም። ባልዲውን አንሥተን ገባን።

በማግስቱ ፈቃዱን ወሰደ። ደረቁ ግድግዳ ጋ ተኛ፣ ምግብ መጀመሪያ ለእሱ ቀረበ፣ ካቦው ራሱ እያጎረሰው። ሦስቱንም ቀን ማንም ተራ አልጠራውም። እንደ ሕጉ።

ስንፈታ ተሳስተናል ያለን የለም። ሂዱ ነው ያሉን። ፍርድ ቤት አልቀረብንም፣ ከጀርባችን አለ የተባለውም ሰው አልተገኘም። ቦታችን ላይ ሌሎች ተቀጥረዋል፤ እነሱም ጊዜያዊ። እኔ አሁን ሚዛን ላይ ጭነት አወርዳለሁ። ቁጭ ስል ይሄን እጽፋለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው፣ ፊደሉ አሁንም ያስቸግረኛል።

ጋሼ አለ። በገበያ ቀን ሚዛን ይመጣል። በመንገዱ ግን አይመጣም። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ የጠረገ ሰው አሁን በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዙሪያውን ዞሮ ነው የሚመጣው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ገበያው ሊበተን ሲል ይደርሳል። ዋርካው ጋ አያልፍም። ሬሳ ለመሸኘት እንኳ ቢሆን አያልፍም።

ሲመጣ አብረን እንቀመጣለን። ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ቡና ዋጋ እናወራለን። ሰዎች ፖለቲከኛ ነበርክ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አልነበርኩም እላለሁ፤ አያምኑኝም። የጠየቅነው ሰው ሲሞትብን የምንቀመጥበት ቀን ነበር። ያንን ብንተው አንታሰርም ነበር። ባንታሰር ጋሼ ቦዩን ይጠርግ ነበር። ቦዩ ቢጠረግ መንገዱ አይቆረጥም ነበር። ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ ከእኔ በፊት አውቆታል፣ ያኔ የት ጋ ብሎ ሲጠይቀኝ። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እኔ ግን ለራሴ ጠይቄዋለሁ። መልሴም አንድ ነው፤ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ዶማዬን መንገድ ዳር አስቀምጬ ለቅሶው ላይ እቀመጣለሁ። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሄንን ለኢንስፔክተሩ ነግሬዋለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ አሁን ደግሞ ጽፌዋለሁ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ የእግሩን ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ግን ልለው አልችልም።